በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር፤ የኦሪት ልማድና የወንጌል አምልኮ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዐባይን በረሃ ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ፥ ደንበጫንና ጅጋን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ከተማው ቀድሞ ወጀት ይባል ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓመተ ምሕረት ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ በዚሁ መንገድ አልፈው ወደ ደብረ ማርቆስ ስለ ሄዱ፥ ለመታሰቢያ ይህ አዲስ ስም እንደ ተሰጠው የአገሩ ሰው ይናገራል። ስሙ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በትንቢቱ በ59ኛው ምዕራፍ ይህን ቃል ያነሣዋል፤ ካህኑ ዘካርያስም ልጁ ዮሐንስ በተወለደ ጊዜ ባቀረበው ምስጋና፥ በሉቃስ ወንጌል በመዠመሪያው ምዕራፍ፥ ይኸንኑ ይደግመዋል። እንግዲህ ከተማው የሚጠራበት ስም በአይሁድ ምኵራብም በክርስቲያን ቤተ መቅደስም የሚነበብ ቃል ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ማንኩሳ በመካከል ይገኛል። ምድሩ ለም ነው፤ በቈሎውና ጤፉ ይበቅልበታል፤ የቡሬ በርበሬ ግን በአገር ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ለቤት እመቤቶች ስለ እርሱ መንገር አያስፈልገንም። በየኰረብታው ላይ ከሩቅ ጠቁሮ የሚታየው ደን የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። ገበሬው የእርሻውን ዳር ዛፍ ለማገዶና ለሞፈር ሲቈርጥ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ወይራና ጽድ ላይ ግን እጁን አያነሣም፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ስንት ቤተ ክርስቲያን እንዳለፈ ለማወቅ የፈለገ ሰው ደኑን ቢቈጥር ይበቃዋል። በ1999 ዓመተ ምሕረት በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከምዕራብ ጎጃም ሰው ከመቶው ከ98 የሚበልጠው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ ክርስቲያን የዚህን ሕዝብ ኑሮ አይቶ ይደነቃል። ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ፥ ገበሬው በቅዳሜ ቀን በሬውን ከመጥመድ ሲከለከል፥ የዕሪያ ሥጋ ሲጸየፉት፥ ካህናቱ ታቦት አክብረው በከበሮና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ ባየ ጊዜ «እነዚህ ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው ወይስ አይሁድ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት ከፖርቱጋል መንግሥት ጋራ የመጡት የካቶሊክ ቀሳውስት ይኸንኑ ነቀፌታ አቅርበው ነበር፤ ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 የሃይማኖት መግለጫ ጽፈው መለሱላቸው። ዛሬ ግን ይህን ጥያቄ የሚያመጣው የውጭ ቄስ ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት ወይም ከባሕር ማዶ የተመለሰው ልጃችን ማዕድ ላይ ተቀምጦ «አባዬ፥ እኛ አይሁድ ነን?» ይላል። አባት መልስ ያጣ እንደ ሆነ ወይም ልጁን ይቈጣዋል፥ ወይም በገዛ አባቶቹ ሥርዓት ማፈር ይዠምራል። ከሁለቱም የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም የራሱን ሥርዓት ምክንያት ያላወቀ ሰው የጎረቤቱን ሥርዓት በመናቅ ብቻ የራሱን ያከበረ ይመስለዋል። ይህ ንቀት በአገራችን ምን እንዳደረገ ወደ ታች እንናገራለን።

አስቀድመን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንግባ። የጎጃም ገጠር ቤተ ክርስቲያን አብዛኛው ክብ ነው፤ ውስጡም በሦስት የተከፈለ ነው። በፊተኛው ክፍል በቅኔ ማሕሌት ደብተራዎች ይቆሙበታል፤ በቅድስት ሕዝቡ ይቈርብበታል፤ ወደ መቅደስ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም። ሰሎሞን በኢየሩሳሌም የሠራው ቤተ መቅደስም በሦስት የተከፈለ ነበር፤ ከሦስተኛው ክፍል፥ ታቦተ ሕጉ ካለችበት ከቅድስተ ቅዱሳን፥ ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይገባ ነበር። ወደ ጎጃም ምሥራቅ መርጡለ ማርያም ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብበት የነበረ ስፍራ ነው የሚል ትውፊት አለ፤ በጣና ደሴት በቂርቆስም ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ተቀምጣበት ነበር ይላሉ። የንግሥተ ሳባንና የቀዳማዊ ምኒልክን ታሪክ በክብረ ነገሥት ያነበበ ሁሉ የዚህን ትውፊት ሥር ያውቃል።

መልኩ እንዲህ ቢመሳሰልም ቅሉ በመቅደሱ ውስጥ የሚፈጸመው ሥራ ሌላ ነው። እስራኤል የነበራቸው ታቦት አንድ ብቻ ነበር፤ በውስጡም ዐሥሩ ቃላት የተጻፉባቸው ጽላት ነበሩ። በእኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የራሱ ታቦት አለው፤ በእርሱም ላይ ኅብስቱና ወይኑ ተቀድሶ ሥጋ ወደሙ ይሆናል። ስለዚህ ታቦታችን የመሠዊያም የታቦትም ቦታ ይዟል። የአይሁድ ቤተ መቅደስ በ70 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሮማውያን እጅ ከፈረሰ ወዲህ በዓለም ያሉ አይሁድ የእንስሳ መሥዋዕት ትተው በምኵራብ ኦሪትን በማንበብና በመጸለይ ይኖራሉ፤ ቅዱሱ ዕቃቸውም በምኵራቡ ግድግዳ በኩል በሣጥን የሚቀመጠው የኦሪት ጥቅል መጽሐፍ ነው። በእስላም መስጊድ ደግሞ መሠዊያም መሥዋዕትም ካህንም የለም፤ ኢማሙ ከፊት ቆሞ ጸሎቱን ይመራል እንጂ ስለ ሕዝቡ የሚሠዋው ነገር የለውም። ሦስቱን ሃይማኖቶች በአንድ ነገር ለመለየት የፈለገ ሰው «መሥዋዕታችሁ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ወዲያውኑ ይለያቸዋል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ትንሽ ነገር እናስታውስ። ክርስቲያን ሲጸልይ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ አይሁዳዊ ወደ ኢየሩሳሌም፥ እስላም ወደ መካ ይዞራል። ከቡሬ የተነሣን እንደ ሆነ ኢየሩሳሌም በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ መካ ደግሞ ከሰሜን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትገኛለች። ስለዚህ በቡሬ አደባባይ የሚጸልዩ አይሁዳዊና እስላም ቢገኙ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ይመስላሉ፥ ክርስቲያኑ ግን ጎኑን ሰጥቷቸው ይታያል።

አሁን ወደ ሰንበት ነገር እንመለስ። በዚህ አገር ገበሬ ዘንድ ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ናቸው፤ ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት፥ እሑድ ሰንበተ ክርስቲያን ይባላሉ። ይህ ነገር ያለ ክርክር የመጣ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ስላስተማሩ ተሰደው በአርመን አገር ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ከቤተ ክርስቲያን አለቆች ጋራ ብዙ ዘመን ተለያይተው ኖሩ። በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው ሁለቱ ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። ዐፄ ገላውዴዎስም ከመቶ ዓመት በኋላ ስለዚሁ ሲመልሱ፥ አይሁድ በሰንበት ቀን ውኃ እንደማይቀዱ፥ እሳት እንደማያነዱ፥ ከቤት ወደ ቤት እንደማይሄዱ አስታውሰው፥ እኛ ግን ቍርባን በማቅረብና ድኾችን በማብላት እናከብራታለን አሉ።

የገላውዴዎስን መልስ እውነትነት ማየት የወደደ ሰው ቅዳሜ ቀን በገጠር ይዋል። በሬው አልተጠመደም፤ ወፍጮው ጸጥ ብሏል፤ ነገር ግን በብዙ ቀበሌ የቅዳሜ ገበያ ስለሚቆም በርበሬ የጫነው አህያ፥ ዶሮ ያንጠለጠለችው ሴት፥ ጨው የሚፈልገው ሽማግሌ ሁሉ መንገዱን ሞልተው ይተማሉ። ምሳውም ትኵስ ነው። እውነተኛ የአይሁድ ሰንበት የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያይ «ከእርሻ ተከልክላችሁ ስለ ምን ትሸጣላችሁ?» ማለቱ አይቀርም፤ እኛም ለዚህ የምንሰጠው መልስ ከሃይማኖት ይልቅ ከኑሮ የተገኘ መሆኑን መካድ አይገባንም።

ለቤተሰብ ዐምድ አንባቢዎች ይልቁን የሚጠቅመው በቤት ውስጥ ያለው ሥርዓት ስለ ሆነ በዚህ ላይ እንቈይ። ልጅ ሲወለድ ወንድ የሆነ እንደ ሆነ በ40 ቀን፥ ሴት የሆነች እንደ ሆነ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል፤ እናቲቱም እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የቍጥሩ ምንጭ ኦሪት ዘሌዋውያን 12ኛው ምዕራፍ ነው፤ በዚያ ለወንድ 7 ቀንና 33 ቀን፥ ለሴት 14 ቀንና 66 ቀን ተጽፏል። ነገር ግን የኦሪቲቱ እናት ቀኗ ሲፈጸም ጠቦት ወይም ድኻ የሆነች እንደ ሆነ ርግብ ይዛ ወደ ካህኑ ትሄድ ነበር፤ የቡሬዋ እናት ግን ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ጥምቀት ትሄዳለች። ቀኑ ያው ሆኖ በቀኑ መጨረሻ የሚገኘው ነገር ተለውጧል ማለት ነው። በቤተ እስራኤል ዘንድ አራስ ሴት ይኸንኑ 40 እና 80 ቀን ከመንደሩ ዳር በተለየ ጎጆ ተቀምጣ ትጨርስ ነበር። በእስልምናም ያራስ ቀኗን እስክትጨርስ ድረስ እናቲቱ ከሶላትና ከጾም ታርፋለች።

ስለ ግዝረት ዐፄ ገላውዴዎስ የሰጡት መልስ ብልህነት ያለበት ነው። እኛ ልጆቻችንን የምንገርዘው እንደ አይሁድ ለመጽደቅ ብለን አይደለም፤ በአንዳንድ አገር ፊትን እንደሚበጡ፥ በሌላም አገር ጆሮን እንደሚበሱ ያለ የአገር ልማድ ነው አሉ። ስለ ዕሪያም ሥጋ የማይበላውን ብላ ብለን አናስገድደውም፥ የበላውንም አናወግዘውም የሚል ቃል አላቸው። እዚህ ላይ ግን የንጉሡ ቃልና የሕዝቡ ልብ ትንሽ የተለያዩ ይመስለናል። በፍኖተ ሰላም ገጠር ያለ አንድ ገበሬ የዕሪያ ሥጋ ቢቀርብለት «ልማዴ አይደለም» ብሎ በጨዋነት እንደማይመልስ፥ ሳህኑንም ማዕዱንም እንደሚሸሽ ማንም ያውቃል። በዚህ ነገር ክርስቲያኑ፥ አይሁዳዊውና እስላሙ ያለ አንዳች ጉባኤ ተስማምተዋል።

በሥጋ ነገር የሚስማሙት ግን እስከዚሁ ድረስ ብቻ ነው። ክርስቲያን በሬውን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በሥላሴ ስም ይባርካል፤ እስላም ወደ መካ አዙሮ የአላህን ስም ጠርቶ ያርዳል፤ አንዱም የሌላውን ሥጋ አይበላም። ይህ ልማድ በመጽሐፍ ቃል ከተጻፈው ይልቅ በአገራችን እጅግ የጠነከረ ነው። ቍርኣን ለእስላሞች የመጽሐፍ ሰዎችን ምግብ ይፈቅድላቸዋል፤ የአገራችን እስላሞች ግን የክርስቲያን ዕርድ አይቀምሱም። ቢላዋው የሃይማኖት ድንበር ሆኖ ስለ ኖረ፥ የአንዱን ሥጋ የበላ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቈጠራል። ክርስቲያኑም በአንገቱ ባሰረው ማተብ በመንገድ ላይ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሰርግ ወይም ተዝካር የደገሰ ክርስቲያን እስላም ጎረቤት ያለው እንደ ሆነ፥ ለብቻው በግ ወይም ፍየል ሰጥቶ በራሱ እጅ እንዲያርድ፥ በአዲስ ድስትም እንዲሠራ ያደርጋል፤ እስላሙም በበዓሉ ቀን እንዲሁ ያደርጋል። ለዚህ ሥርዓት ሕግ ያወጣለት ማንም የለም፤ ያጸናችውም አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት።

ጾምንም እንይ። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ እያለ መመካቱ በወንጌል ተጽፏል፤ እነዚያም ቀኖች ሰኞና ሐሙስ ነበሩ። በመዠመሪያው የክርስትና ዘመን የተጻፈችው የሐዋርያት ትምህርት የምትባለው ትንሽ መጽሐፍ ክርስቲያኖች ከእነርሱ ተለይተው ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ ታዝዛለች። እንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን የመጾሙ ልማድ ከአይሁድ ተወስዶ ቀኑ ሆነ ተብሎ ተለውጧል። የእኛ ጾም ከሥጋ፥ ከወተትና ከቅቤ መራቅ፥ እስከ ቅዳሴም መዋል ነው፤ የእስላም ጾም በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቅ ውኃ እንኳ አለመቅመስ ነው፥ ከጠለቀች በኋላ ግን የፈቀደውን ይበላል። የትኛው እንደሚከብድ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምተናል፤ ክርክሩ ፍሬ የለውም፥ ሁለቱም የሚከብዱት ለጾመ ሰው ነውና።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ጎንጅና ዋሸራ ስማቸው የተጠራ ጉባኤ ቤቶች ናቸው፤ ከዚህ አገር መምህራን አንዱን ስለ ባሕረ ሐሳብ ለመጠየቅ ዕድል አግኝተን ነበር። ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ማውጫ ቍጥር ነው። በዚህ ቍጥር መጥቅዕ የሚባለው በአይሁድ ዘንድ ቀንደ መለከት የሚነፋበት የዓመት መባቻ በዓል ነው። ለምሳሌ በ2000 ዓመተ ምሕረት አበቅቴው 23፥ መጥቅዑ 7 ነበር፤ ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ። መጥቅዑም በጥቅምት 7 ቀን ዋለ፤ ከእርሱ ተነሥቶ ጾመ ነነዌ የካቲት 10 ቀን፥ ፋሲካም ሚያዝያ 19 ቀን ሆነ። አይሁድም እንደ እኛ የጨረቃን ቍጥር በ19 ዓመት ዙር ያስተካክላሉ። እኛም መምህሩን «የኔታ፥ የክርስቲያንን ፋሲካ ለማግኘት የአይሁድን በዓል መቍጠር ስለ ምን አስፈለገ?» ብንላቸው፥ ፈገግ ብለው «ልጄ፥ እስቲ ያለ መጥቅዕ አውጣልኝና እኔም ከአንተ ልማር» አሉን።

ሊቃውንት ስለዚህ ተመሳሳይነት ብዙ ጽፈዋል። ቴዎዶር ኖልደኬ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1910 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ኦሪት፥ ታቦት፥ ጣዖት፥ ምጽዋት የሚሉት የግእዝ ቃሎች ከአራማይስጥ ቋንቋ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በ1956 የኢትዮጵያ ክርስትና ከአይሁድ የወረሰው ብዙ ነው ሲል፥ ማክሲም ሮደንሶን በ1964 ተቃውሞ፥ አብዛኛው ብሉይ ኪዳንን በማንበብና በመምሰል የተገኘ ነው አለ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሰንበትና ምግብ መጽሐፍን በማንበብ ሊገኙ ይችላሉ። ቃሎቹ ግን እንዲህ አይደሉም፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ወደ ግእዝ የተተረጐመው ከግሪክ ቋንቋ ነውና፥ ከግሪክ መጽሐፍ የአራማይስጥ ቃል አይቀዳም። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ይሰማል እንጂ። ስለዚህ ያን ቃል ለአባቶቻችን ያሰሙ፥ አይሁድ ወይም ከአይሁድ ወገን ክርስቲያን የሆኑ ሰዎች ነበሩ ብሎ ማሰብ ይገባል።

ከዚህ በላይ ስለ ንቀት እንናገራለን ብለን ነበር። በምዕራብ ጎጃም ገበያ ማረሻ የሚያወጣው ቀጥቃጭና ጋን የምትሸጠው ሸክላ ሠሪ ለገበሬው እጅግ የሚያስፈልጉ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን ቡዳ እየተባሉ ጋብቻ ተከለከሉ። ሕፃን የታመመባት እናት ፊቷን የምታዞረው ወደ እነርሱ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ጥበብ ያላቸውን ሰዎች የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ባዋጅ ወዲያው አልጠፋም። ከጣና ማዶ በደንቢያ፥ በወገራና በስሜን ይኖሩ በነበሩት በቤተ እስራኤል ላይ ደግሞ ይህ ነገር ከሃይማኖት ጋራ ተጨምሮ ከበደ። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ከወጉአቸው በኋላ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ተብሎ እንደ ታወጀባቸው ይነገራል፤ ፈላሻ የሚለውንም የንቀት ስም ከዚያ ጋራ ያያይዙታል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ከመኖር በቀር ምን መንገድ አለው? ስለዚህ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ርስቱን የከለከላቸው ወገን ደግሞ ተመልሶ ስለ ሥራቸው ሰደባቸው።

የሚያስደንቀው ግን እነዚህ የተናቁ ሰዎች ከዓለም አይሁድ ሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርቡ መሆናቸው ነው። ኦሪትን ያነበቡት በግእዝ ነው፤ የዕብራይስጥን ቋንቋና የታልሙድን መጽሐፍ አያውቁም ነበር። ካህኖቻቸውን ቄስ፥ የጸሎት ቤታቸውንም መስጊድ ይሉ ነበር። በአይሁድ ዘንድ ያልተለመደውን ምንኵስናም ይዘው ኖረዋል። ሌሎች አይሁድ ቤተ መቅደስ ከፈረሰ ወዲህ መሥዋዕት ሲተዉ፥ እነርሱ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ለፋሲካ በግ ይሠዉ ነበር። ስግድ በሚባለው በዓላቸው ጾመው ወደ ተራራ ወጥተው ኦሪትን ያነቡና ስለ ኢየሩሳሌም ይጸልዩ ነበር። በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ በ1977 ዓመተ ምሕረት በሱዳን በኩል 8,000 ያህል፥ በግንቦት ወር 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ስግድም በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእስራኤል መንግሥት የሕዝብ በዓል ሆነ። ከጎንደር አጠገብ በወለቃ የሸክላ ሥራ ገበያ እስከ ኋላ ዘመን ድረስ በስማቸው ሲጠራ ኖሯል፤ ሠሪዎቹ ግን ሄደዋል። የእኛን መቅደስ ሦስት ክፍልና የእናቶቻችንን 40 ቀን ምክንያት ሳይነገራቸው የሚያውቁ ጎረቤቶች እነርሱ ነበሩ።

ወደ ቡሬ እንመለስ። ከዚህ ከተማ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፥ ሁለተኛው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት በጎጃምና ከዐባይ ማዶ ባሉት አገሮች መካከል ይመላለስ የነበረው ነጋዴ አብዛኛው እስላም ነበር። ምክንያቱም ርስት የሌለው ሰው ይነግዳል፤ ቤተ እስራኤልን ወደ ሸክላና ወደ ብረት የገፋው ነገር እስላሙንም ወደ ንግድ ገፍቶታል። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጎንደር በተደረገው ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያን ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ ተወሰነ። በ1870 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ እስላሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። በግድ የተጠመቀ ሰው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ እንደሚኖር በዚያን ጊዜ ታይቷል። ይህን የምናስታውሰው ነገሥታቱን ለመንቀፍ ብለን አይደለም፤ አንድነትን ፈልገው አደረጉት፤ ነገር ግን የተገኘው ፍርሃትና መሸሸግ ነበር።

በእምነት ረገድ ከእስላም ጋራ ያለን ልዩነት ግልጽ ነው። ቍርኣን ድንግል ማርያምን ያከብራል፥ 19ኛው ምዕራፍም በስሟ ይጠራል፤ ጌታችንን ኢየሱስ ክርስቶስን ግን ከነቢያት ወገን ይቈጥረዋል እንጂ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑንና መሰቀሉን አይቀበልም። አይሁድም መሢሑን ገና ይጠብቁታል። ይህን ልዩነት «ሁሉም ያው ነው» በሚል ቃል መሸፈን ለማንም አይበጅም፤ እስላሙም አይሁዳዊውም አይወዱትም። የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በ615 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ሲመጡ የተቀበላቸው ንጉሥ ሃይማኖታቸው ከሃይማኖቱ ልዩ መሆኑን ያውቅ ነበር። አውቆም አሳልፎ አልሰጣቸውም።

ከቡሬ ወደ ሰሜን ተጕዞ ከጥልሊ ወደ ሰከላ የታጠፈ ሰው ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ግሽ ዐባይን ያገኛል። በኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ ከኤደን ከሚወጡት ከአራቱ ወንዞች ግዮን የተባለው የኢትዮጵያን ምድር እንደሚከብብ ስለ ተጻፈ፥ አባቶቻችን ዐባይን ግዮን ብለው ሲጠሩት ኖረዋል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሆኖ በሚያዝያ ወር 1618፥ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በኅዳር ወር 1770 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደዚህ ምንጭ መጥተው ነበር። ሁለቱም በአካባቢው የነበሩት አገዎች ምንጩን አክብረው ከብት እያረዱ መሥዋዕት ያቀርቡለት እንደ ነበር ጽፈዋል። ዛሬ በስፍራው የሚከበሩት አቡነ ዘርዐ ብሩክ ናቸው። ትውፊቱ እንደሚለው ጻድቁ ወደ እስራት ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዐባይ ምንጭ አደራ ሰጥተው፥ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ሳይርሱ ተቀበሉ። ጥር 13 ቀን በዓላቸው ሲከበር ሕዝቡ ከየአገሩ ይጐርፋል።

በዚያው ስፍራ ከመሥዋዕቱ የቀረ ነገር ቢኖር ምንጩ ራሱ ነው። ደሙ ቀርቷል፤ ሰው ጫማውን አውልቆ ሳይበላ መጥቶ በጠበሉ ይጠመቃል፥ ለታመመውም ይዞለት ይሄዳል። የታመመ ሰው የመጣበት እንደ ሆነ ሃይማኖቱን አስቀድሞ ሳይጠየቅ ውኃው የሚቀዳለት ጊዜ አለ። ውኃውም ከዚያ ወጥቶ ግልገል ዐባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከብቦ፥ በቡሬና በነቀምት መካከል አልፎ ወደ ሱዳን ይሻገራል። በካርቱም ከነጭ ዐባይ ጋራ ተቀላቅሎ ወደ ግብፅ ይወርዳል፤ ይኸውም የዕብራይስጧ እናት ሕፃኑን ሙሴን በሣጥን አድርጋ በዳሩ ያስቀመጠችበት ወንዝ ነው።